ሁለተኛው ኮት

ሰኔ ነው። ሂርማታ ጭቃ ለብሳለች፤
ሲንጀሬ በረንዳው ላይ ታጉረመርማለች።
ነዚፍ አባ ቡልጉ ጨርቅ ታቅፎ መጣ፣
ጥቁር ሰማያዊ፣ ከመንደራ ሱቅ የወጣ።
የነጋዴው ማኅበር ፕሬዝዳንት ሊሆን
ለውድድር ቀርቧል፤ ሌላ ወሬ የለን።

“ሁለት ኮት ስፋልኝ፣ ካንድ ጣቃ ቆርጠህ፤
አንዱ የእኔ ነው፣ ለካኝ ሜትር አውጥተህ።
ለሁለተኛው ደግሞ ልኬቱ እዚህ አለ፣”
ብሎ የሲጋራ ካርቶን ቅዳጅ ጣለ።
ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ ቁጥር ብቻ ነበር።
እኔም አልጠየቅሁም፤ ልብስ ሰፊ ሲናገር
ደንበኛ ይሸሻል።

ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኳት። ለሚስቴ ብቻ።
ማታውን አጂፕ ሻይ ቤት ገብቼ
የራሴን ወሬ በሻይ ገዝቼ
ሰማሁት፦

“ሁለተኛው ኮት የምክትሉ ነው!”
“እሱማ ታውቋል፤ ግን ምክትሉ ማነው?”
“ተማም ነው፣ ተማም ነው፣ የበቾ ቦሬው፣
ሦስት አይሱዙ ያለው፣ ጥርሱ ወርቅ የሆነው።”
“ተማም? ገበሬውን ሚዛን ላይ የሚያስለቅሰው?
ይልቅ ማርቆስ ይሻላል፣ ዕዳ የማያውቀው።”
“ወፍጮ ቤት ያላትስ፣ ወይዘሮ ብርቄ?”
“ኮት ነው የተባለው!” ሳቁ። እኔም ስቄ፣
ቤቴ ስገባ ነው ያፈርኩት። ከሁሉም
እሷን የመሰለ ሒሳብ አዋቂ የለም።

ይሁን። እኔ ግን ካርቶኑን ደረት ኪሴ ይዤ
የማያውቁትን አውቅ ነበር፦
ደረት ዘጠና ስምንት፣ ክንድ ስልሳ ሦስት፣
ቀኙ ትከሻ ከግራው ዝቅ ይላል ሁለት ጣት።

ሁለት ጣት!
ይህ ሰው ተሸክሟል።
ጆንያ ይሁን ቃሬዛ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣
ብቻ ብዙ ዘመን ተሸክሟል።

ደግነቱ እኛ ዘንድ ሰላምታ በትከሻ ነው፤
ያለ ሜትር ነው ሰው ሰውን የሚለካው።
ተማምን አገኘሁት አዌቱ ድልድይ ላይ፤
ሦስቴ ገጨሁት፦ ደልዳላ፣ ሸክም ያላየ ገላ።
ማርቆስ ያጋድላል፣ ግን በግራ፤
በወጣትነቱ ጊታር ያንጠለጥል ነበር።
የቆጪው ሽኩር ተቆጣ፦ “ምን ነካህ ሰውዬ?
ትላንት ተገናኝተን፣ ዛሬ እንደ ዓረፋ ማቀፍ ምንድነው?”
ዳኛውን፣ ፋርማሲስቱን፣ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ፣
ሁሉንም ገጨሁ፤ በሳምንት ስንት ወዳጅ
አፈራሁ! ዝቅ ያለ ትከሻ ግን
ከመናኸሪያ ኩሊዎች በቀር አላገኘሁም፤
እነሱን ደግሞ
ማን ምክትል ያደርጋቸዋል?

ሐሙስ ስሙ ሊነገር፣ ረቡዕ ማታ፣ መብራት ሄዶ፣
ነዚፍ ብቻውን መጣ ከባጃጅ ወርዶ።
የመጀመሪያውን ለበሰ፤ ደረቱን ነፋ፤
በሻማው፣ ጥላው ግድግዳዬ ላይ ሰፋ።
“የዚያኛው ባለቤትስ?” አልኩት።
መልስ አልሰጠኝም። አወለቀ።
ሁለተኛውን አጠለቀ።
ትንፋሹን ለቀቀ።

ቀኝ ትከሻው ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣
ኮቱ ላይ ቁጭ አለ፣ ቤቱን እንዳገኘ እንግዳ።

“ሰዓዳ ናት የለካችኝ፣ ተኝቼ ሳለሁ፤
ነቅቼማ ሜትር ሳይ እነፋለሁ።
ካሸነፍኩ ያኛውን። ከተሸነፍኩ ይሄን።”
ትከሻውን ዳሰሰ። “የሊሙ ጆንያ ነው፤
በአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሬው።”

ሒሳቡን ከፈለ። ሲወጣ፣ “ምክትልህስ?” አልኩት።
ዝናቡን እያየ፣
“አንተ ሰምተህ እንደሁ
ንገረኝ” አለ።

ጠዋት አጂፕ ስገባ ወንበር ተሻሙልኝ፤
“እህ፣ ልብስ ሰፊው! ማነው? በል ንገረን።”
ሻይ አዘዝኩ፤ ስኳሩን አማሰልኩ፤
“ዝቅ ያለ ሰው ነው” አልኩ።
እነሱም ተማም ዝቅ ያለ ነው፣ አይደለም፣
ሲከራከሩ ዋሉ።