ደሴት ሳለ

አባቴ ታንከኛ፣ ይመር የሐይቁ ሰው፣
መሬት አልነበረው፣ ውኃ ነው ያረሰው።
ርቀቱን ሲነግረኝ፣ በክንድ አይለካውም፤
«ከዱዓ እስከ አሚን፣ ከዚያ አያልፍም።»
ከፊቱ ተቀምጠው፣ አባ ዘሚካኤል
ዳዊቱን ሳይዘልቁት፣ ታንኳው ዳር ይደርሳል።
ክፍያው ትርንጎ፣ አንዳንዴም ሎሚ ነው፤
ብር የሰጡት ዕለት፣ ሦስት ቀን ኩርፊያ ነው።

ቅድመ አያቱማ፣ አሊጋዝ የሚሉት፣
ጦር በመጣ ዘመን፣ ጨረቃ አልባ ሌሊት፣
መቅዘፊያውን በጨርቅ፣ ጠምጥሞ ጠምጥሞ፣
የመነኮሳቱን፣ ብራና ተሸክሞ፣
ፊደል ያልቆጠረው፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ፣
«ከጤፍ ይከብድ ነበር፣» ብሏል አሉ ሲስቅ።

ከሐይቁ ሥር ከተማ፣ ሰምጧል ይባላል፤
ጸጥ ባለ ቀትር ላይ፣ አውራ ዶሮ ይጮኻል።
አባቴ አያምንም። ግን በዚያ ስናልፍ፣
መቅዘፊያውን ያነሳል፣ ጣራ እንዳይገርፍ።

እኔ ሴት ነኝና፣ ከታንኳው አልወርድም፤
ውኃ ሲከለክል፣ ሰው አይቀየምም።
ዙሪያውን ስንዞር ግን፣ ያላየሁት የለም፦
የወይራው ጠማማ ሥር፣ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ፣
ከፊላው ሥር ይብራ፣ ጫጩት ነድታ ስትወጣ፣
በደረቀ ቅርንጫፍ፣ ዓሣ አዳኙ ንስር፣
ነጭ ጥምጣም አስሮ፣ ቄስ መስሎ ሲኖር።
አንድ ቀን ከፊታችን፣ ሁዳዴውን ገድፎ፣
ቆሮሶ ነጥቆ በረረ፣
የአባ ሳቅ አመለጠ፣ ዳዊታቸውን አልፎ።

ከዚያ ውኃው ሸሸ። ዓመት አልቆጠርንም።
በአንድ ቀን እንዳንል፣ በአንድ ቀን አልሆነም።
ጭቃ ሆነ፣ ፊላ፣ ኋላም ሣር ለበሰ።
አንድ ማለዳ አህያ፣ ጨው እንደ ተጫነች፣
ሰኮናዋ ሳይርስ፣ ደሴቱን ረገጠች።
ሴት አህያ ነበረች፤ ማንም አልጠየቃት።
አባቴ ያን ማታ፣ ታንኳዋን ደፍቶ ተዋት።
አሁን ከሥሯ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች።

ትናንት ባጃጅ ይዤ፣ እስከ በሩ ሄድሁ፤
በነጭ ቆርቆሮ ላይ፣ የተጻፈ አነበብሁ፦
«ሴቶች አያልፉም።»
ውኃው እንዲህ በፊደል፣ ተናግሮኝ አያውቅም።
ቆምሁ። ንስሩ መጣ፣ አንድ ጊዜ ዞረና፣
አስፋልቱ ላይ ዓሣ፣ ሲፈልግ ቆየና፣
ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

ዓይኑ የፈዘዘው ይመር፣ ማታ ኮቴዬን ሰምቶ፣
«ነፋሱ እንዴት ነበር?» አለኝ፣ አንገቱን አቅንቶ።
የጫማዬን አቧራ፣ ከደጅ አራግፌ፣
«ካምባሰል ነፍሶ ነበር፣» አልሁት፤ «ደረስሁ ቀዝፌ።»

«አሚን፣» አለ አባቴ።