ከ«ሃ» በኋላ

በብርኖ ከተማ፣ በመቃብሩ በር፣
ቆሟል አንድ መስታወት፣ ስም የሚደረድር።
በጣት ሲነኩት ሙታን ይዘረዝራል፣
ረድፉን፣ ቁጥሩን፣ መንገዱን ይናገራል።

ወይዘሮ ኽሮባኮቫ ባሏን ልትፈልግ
መነጽሯን ጠርጋ ቀረበች ወደ ጥግ።
«ኽ» በዚያ አገር በሁለት ምልክት ተጽፋ፣
እንደ አንድ ተቆጥራ፣ ከ«ሃ» ኋላ ተሰልፋ፣
ነው የምታውቃት፤
ከስድሳ ዓመት በፊት መምህርቷ በጠመኔ ጽፋ እንዳሳየቻት።

(እኛ «ኸ»ን ባንድ ቅርጽ፣ «ሀ»ን በሦስት እንጽፋለን፤
በሰው ፊደል ለመሳቅ አፍ የለን።)

ከ«ሃ» ኋላ ሄደች፦ ሃይዱክ አለ፣ ሁሬክ አለ፣
ወዲያው «ኢ» ተተካ፤ ኽሮባክ ተዘለለ።
ጥበቃውን ጠርታ፣ «ባሌን ወዴት ወሰዳችሁት?» አለች፣
«ደብተሩ ሳለ እዚህ ነበረ» እያለች።

ባሏስ አልጠፋም፤ ከሦስተኛዋ ፊደል ሥር ገብቶ
ከማያውቃቸው ጋር ነበር ተኝቶ፣
ማሽኑ «ኽ»ን ለሁለት ለያይቶ።

ጥፋተኛው ኦታካር ነው።
ፕሮግራሙን እሱ ሲጽፈው
ፊደልን በቁጥሩ መዘነው፣
ቀላሉን አስቀደመ፣ ከባዱን አስከተለ፣
እንደ ድንች ነጋዴ።

ደብዳቤዋ ደረሰው፤ አራት መስመር፣ በእጅ የተጻፈ።
ማታ ቢሮ ቀረ። የላይብረሪውን ሰነድ ገለጠ።
ያ ላይብረሪ ደላላ ነው፣
የራሱ ዕቃ የለው፣
የሰው ቤት ያሳያል፤
«እኔ አላውቅም፣ ታች ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያውቃል፣
የየአገሩ ወግ እሱ ዘንድ ተጽፏል» ይላል።

አጠራሩ እንዲህ ነው፦ አስቀድሞ ያገሩ ስም፣
ቀጥሎ ሁለቱ ቃል፣ አንዱ ካንዱ ሊቀዳደም፤
በየቃሉ ጎን ርዝመቱ ይሰጣል፤
ርዝመቱን ያላወቀ «ከዜሮ አንድ ጎዶሎ» ብሎ ያልፋል።
ትርጉሙም፦ ቁጠር፣ ቁጠር፣
ጸጥታው እስኪጀምር።
እዚያ ቤት ቃል ሁሉ መጨረሻው ላይ አንዲት ባዶ ያኖራል፤
ያቺን ባዶ የረሳ የጎረቤቱን ጓዳ ያነባል።

በመጀመሪያው ሌሊት ተሳሳተ።
ዜሮ ማለት እኩል መስሎት ገመተ።
እዚያ ግን ዜሮ «አልቻልኩም» ነው፤
አንድ፣ ይቀድማል፤ ሁለት፣ እኩል ናቸው፤
ሦስት፣ ይከተላል።
ሳያጣራ ለቀቀው። ሲነጋ ሙታኑ ተደበላልቀዋል፣
ዝቦርዢል ከአዳሜክ ፊት፣ ዳኛው ከሌቦች መሐል።
አለቃው ወይዘሮ ድቮዣችኮቫ ስልክ ደወለች፣
«በትንሣኤ ቀን እንኳ እንዲህ አይተራመሱም» አለች።

በሁለተኛው ሌሊት ከመልሱ ሁሉ ሁለት ቀነሰ፤
በቃ፣ ይኸው ነበር። የመጨረሻው ትራም ደረሰ።
ሰባ ሺህ ስም እንደ ዳቦ ወረፋ ቦታውን ያዘ፤
ኦታካርም ጠጣው፣ ሻዩ ከቀዘቀዘ።

የሙታን መታሰቢያ፣ ኖቬምበር ሁለት፣
ካፊያ ነበር፤ መጣች፣ ፋኖስ ይዛ በእጇ፣ ጃንጥላ በብብት።
ከ«ሃ» በኋላ ሄደች፤ እዚያው ነው ባሏ፣
ግን ሁለት ሆኖ ነው የጠበቃት በቦታዋ፦
ኽሮባክ፣ ቦሁሚር።
ኽሮባክ፣ ቦሁሚር።

ኦታካር ከኋላዋ ገመድ የሚያጠብቅ መስሎ ቆሟል።
ይህን ጥያቄ ለታችኛው ቤት አስቀድሞ ልኮታል፤
መልሱም «ሁለት» ነበር፦ እኩል ናቸው፣ ልዩነት የለም።
እሷ ግን ካርታው እስኪከፈት አልጠበቀችም።
አንዱን ስም በአውራ ጣቷ ሸፈነች፣
«ይሄኛው ትሮምቦን ነፊው ነው፤ ዕዳውን ሳይከፍል የሞተው» አለች፣
ፋኖሷን አንጠልጥላ፣ በዋናው መንገድ ሳይሆን
በአጥሩ ጥግ በኩል፣ ወደ ረድፍ አርባ አንድ ሄደች።