ብርድ ልብስ ሸጬ

ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣
የልጄን ደብተር ገልብጬ ስደምረው፤
ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣
ላቤ ጠብ ሲልበት ሦስቱ ስምንት መስሎ ሲታይ።
የሰው ሒሳብ ስዘጋ አሥራ አንድ ዓመቴ፤
አልዘጋ ያለኝ ይኸው፣ የገዛ ቤቴ።

ገቢ፦ አዲሱ ደመወዝ፣ ከበረሃ አበል ጋራ፤
ዕቁብ፦ ዳኛው አዝኖልኝ ያስቀደመልኝ ተራ፤
ሽያጭ፦ ቁም ሣጥኑ፣ መኪና ላይ ቢወጣ በደኅና አይወርድ፤
አራት ብርድ ልብስ፣ ሁለቱ አዲስ፣ ገና ያላዩ ብርድ።

ወጪ፦ ኢሱዙው፣ እስከ አዋሽ በተስማማነው፣
ከአዋሽ ወዲህ ሾፌሩ እንዳሰኘው፤
ጫኝና አውራጅ፦ ሲጭኑ ለምነው፣ ሲያወርዱ ተቆጥተው የሚቀበሉት፤
አጎበር፤ የውኃ በርሜል፤ የልጅቷ መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርሟ፣ ሌላም የዘነጋሁት፤
ቬንቲሌተር ሁለት፦ አንዱ የጣሪያ፣ አንዱ አንገቱ የሚዞር።

እዚህ ላይ ሳቅሁ። አስተናጋጁ ዞሮ አየኝ፤
ምን ብዬ ላውጋው፣ በምን ለዛ?
ብርድ ልብስ ሸጬ
ነፋስ ልገዛ!

ደላላው ፈራህ ይባላል፤ በባጃጁ ሲያዞረኝ ዋለ።
«አቦ እህቴ፣ ቤት በሽ ነው፣ ኪስሽ ብቻ ካለ።»
ሳቢያን አሳየኝ፦ ሁለት ክፍል፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣
ዘጠኝ ሺሕ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። በጀቴን
ከወገቡ ቆረጠው።

ሌላ አሳየኝ፣ ደቻቱ ዳር፣ በግማሽ ዋጋ፤
ሰፊ ግቢ፣ ሁለት የኒም ዛፍ፣ ጥላቸው የሚያስጠጋ።
ወንዙ አሸዋ ነው፤ ግመል ያልፍበታል፣
ልጆች ኳስ ይመቱበታል፤
ወንዝ ነው ቢሉት ማን ይፈራል?

እርሳሴን አወጣሁ፤ ልዩነቱ በወር ይኼን ያህል፣ በዓመት…
ፈራህ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣
ከደረቱ እኩል፣ ቀለሙ የሚለወጥበት
ቡናማ መስመር ላይ።
«ኮሚሽኔን አልጠላም፤
አሸዋ ግን ይዋሽሻል፣ እህቴ፤ ግድግዳ አይዋሽም።»
ሌላ አልተናገረም። ባጃጁን አስነሣ።
ርካሹን ቤት ሰረዝኩት፤ ኒሞቹን ልቤ እስኪረሳ
ስንት ወር ይፈጅ ይሆን?
ለእሱ ዓምድ አላሰመርኩም።

ማታ ለታረቀኝ ደወልኩ፤ ሳሉ ቀድሞት ገባ።
ሐኪሙ «ቆላ ውረድ» ካለው ሁለተኛ መስከረም ጠባ።
«የት ደረስሽ?» «ታችኛው መስመር። ትርፍ፦ ሁለት መቶ አርባ ብር።»
ዝም አለ። «ከገጹ ጀርባ» አለኝ፣ «የጻፍኩልሽ ነገር ነበር።»

ገለጥኩት። በስሱ፣ በእሱ ጽሕፈት፣ በእርሳስ፦
«መመለሻ፣ ለሦስት ሰው፣ የአውቶቡስ።
ገንዘቡ ሻንጣሽ ኪስ ውስጥ አለ። አይነካ።»

«ከየት አመጣኸው?»
«ከመድኃኒቴ» አለ፣ «አንድ ቀን እየዘለልኩ።»
መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ጨለማው ውስጥ ብዙ ቆየሁ፣ ስልኩን እንደያዝኩ።
ሠፈሩ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ያወራል፤
የሙቀት ጎረቤት በር አይዘጋም፣ ድምፁ ቤት ድረስ ይመጣል።

በርሱ እርሳስ ሳይሆን በእስክሪፕቶ፣ ጫን አድርጌ፣
«መመለሻ»ን ሰረዝኩ። ከጎኑ ጻፍኩ፦
«መድኃኒት፣ ከነገ ጀምሮ፣ ሳይዘለል።»
አሁንም አልሞላም። ጎደለ።
እንደገና ደመርኩ፤ አሁንም ጎደለ።

ከዚያ የጣሪያውን ቬንቲሌተር አወጣሁት።
ያንዱ አንገት ይዞራል፤
መሐል ላይ እናቆመዋለን፣ አንዴ ወደሷ፣ አንዴ ወደሱ፣ አንዴም ወደኔ።
ነፋሱ፣ እንደ ዕቁብ፣
በየተራችን ይደርሰናል።