ጉብታው ላይ

ድምጿ ቀድሞ መጣ ከጣና ዳር ማዶ፤
ዝናብ መጣ ብለን ሰማይ አየን፤ ባዶ።

ከዘንባባው ጥላ ቢጫ ነገር ወጣ፣
ሆዱ መሬት ታክኮ፣ አድብቶ የመጣ።

አንማው ባጃጅ አቁሞ ተሳፋሪ ረሳ፤
ከይታይሽ መዳፍ አመለጠ ዓሣ፣
ያውም የሞተ ዓሣ።

«ይቺን የሸጠ ሰው ስንት ይገዛል በሬ?»
አለ ከመራዊ የመጣ ገበሬ።
«የማን ሐቅ ትሆን?» አለ ሌላው ቀስ ብሎ፣
ስልኩን ደግኖባት፣ ፀሐይ በእጁ ከልሎ።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ጎማዋን ነው ያየሁ፤
«ይሄስ ቢተነፍስ?» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ጉብታው ላይ ስትደርስ፣ ከዓባይ ድልድይ መለስ፣
ሆዷ ቁጭ አለና፣ መሄድ የለ፣ መመለስ።
የጤፍ ጋሪ አለፋት።

መስኮቱ ወረደ። ልጅ ነው፤ ላብ አጥምቆታል።
«እባካችሁ» ሲለን፣ ያ ሁሉ ሳቅ የታል?

ሳንቃ መጣ ከዓሣው ሱቅ፤ እጅጌ ተጠቀለለ፤
«ሆ!» አልን፤ ባለ በሬው ከሁሉ ፊት አለ።
አሻገርናት።

ሄደች። አመስግኖን ይሆናል፤ ድምጿ ዋጠበት፤
ከኋላዋ ግን፣ ይታይሽ በገፋችበት፣
ከቢጫው ተጣብቃ
ታበራ ነበር
አንዲት የዓሣ ቅርፊት።