የካራ ዋጋ

ካቫላ፣ ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ተራው ጎን፣
ፖሊክሮኒስ ከፍቷል መድኃኒት ቤቱን።
ሰሌዳ ጸሐፊው፣ ትራሶስ የሚባል፣
ዋጋ ሲተምን ሁሌ በፊደል ያሰላል።
«ካራሳቫስ ረዝሟል፤ አራት ፊደል ቀንስ፤
ከፊቱ ቁረጠው፣ ይበቃሃል ሳቫስ።
ደግሞስ ምን ያደርጋል በር ላይ የቱርክ ቃል?
ደንበኛ ሲያነበው ሆዱ ይሻክራል።»

ልጁም ልቡ ሄደ፤ የአራት ፊደል ዋጋ
ለአንድ መደርደሪያ ይበቃል ቢጠጋጋ።

አያቱ ኤፍተርፒ፣ ሳርዲን እያጸዳች፣
ቀና እንኳን ሳትል እንዲህ ስትል ጀመረች፦

«ካራ ጥቁር ማለት ነው፤ ይህንን ማን ያጣል?
ቅድመ አያትህ ሳቫ ከሰል ነው ይባላል።
አንዳንዱ መልኩን ትቶ ኩርፊያው ነው ይላል፣
ሌላው ደግሞ ዕድሉ፤ ሁሉም ሳያይ ያወራል።
እኔ የማውቀው በፎቶ ነው፤ ፎቶው ላይ
ሁሉም ሰው ጥቁር ነው፣ ነጩ በቅሎ ሳይቀር።

«ባሌ ዮርዳኒስ ግን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሌላ ይል ነበር።
አምስት ዓመቱ ነው፣ ሕዝብ በሕዝብ ሲቀየር።
የጫነቻቸው መርከብ ጨው እንጂ ውኃ የላት።
እናቱ የምትጸልየው በቱርክኛ ነው፣
ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤
ክርስቶስም የሰማት በዚያው ነው።
በአራተኛው ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል ግድም፣
አንዱ መርከበኛ ከምሰሶው ጫፍ ሆኖ
"ካራ! ካራ!" አለ።
ልጁ ብድግ ብሎ
"አቤት!" አለ፣
ቤተሰቡን በስም የጠሩ መስሎት።
በዚያ ቋንቋ ካራ ሁለተኛ ፍቺ አለው፦
ባሕር ያልሆነ ምድር፣ እግር የሚያርፍበት፣ የብስ።
ጥቁሩና የብሱ ዘመድ አይደሉም፤
አንድ ድምፅ ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው።»

እኔ በተማርኩት ሰዋስው
ከቃል ፊት የሚለጠፈው
ባዕድ መነሻ ይባላል፤ ስሙ ራሱ እንግዳ ነው።
ካራም በእኔ አፍ ስለት ነው፤
ስም ላይ ተሰክቶ የቀረ፣ እጀታ የሌለው፣
የተሸከመውን ትቶ ሊነቅለው የሞከረውን የሚያደማ።

ኤፍተርፒ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣
ሳርዲን ሳርዲን የሚሸት ድራክማ ቆጠረች፤
«ለአራቱ» አለች።

ትራሶስ ተናዶ ይሁን ወይ ለክቶ ሳያውቅ፣
ካራን አሰፋና አሳምሮ ጻፈው፤
ለሳቫስ ሲደርስ ጣውላው አለቀበት፣
ተጣበበ ሰውዬው፣ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ።

ዛሬም ከባሕር ለሚገቡት ዓሣ አጥማጆች
ከሩቅ የሚነበበው
ካራ ብቻ ነው።