ዐሥር ደቂቃ

ጥር ነው፤ ኤስቶኒያ፣ ታርቱ፤ ፀሐይ ብቅ ብላ ትገባለች፣
ለሰላምታ ብቻ የመጣች እንግዳ ትመስላለች፤
ወንዙ በበረዶ ቆሟል፣ ሰው ይሻገራል በእግሩ፤
ኡርቬ ምድር ቤት ወረደች፣ አይጦቿ እዚያ ነው ’ሚኖሩ።

ሳጥን አለ፣ የመስተዋት፣ በሦስት የተከፈለ፤
በግራው ባዶ የሽቦ ቆብ፣ ማንም ከሥሩ የሌለ፤
በቀኙ ሌላ የሽቦ ቆብ፣ ከሥሩ አንዲት ባይተዋር፣
ነጭ አይጥ፣ የማትታወቅ፣ ቁጢጥ ብላ ስትቃኝ ከዳር፤
መኻል ላይ ተፈታኟ። ዐሥር ደቂቃ ነው ፈተናው፤
ወደ ማን ትሄዳለች? ይኸው ነው የሚጠናው።
ስንቴ ቀረበች? ስንቴ ሸሸች?
ስንት ሰከንድ ጢሟን ነቅንቃ ባይተዋሯን አሸተተች?

ገሚሶቹ የጭንቀቱን መድኃኒት ተወግተዋል፣
ገሚሶቹ ጨው ውኃ ነው፤ መርፌው ግን አንድ ይመስላል።
ማን ምን እንደ ተወጋ ኡርቬ እንድታውቅ አልተፈቀደ፤
ዝርዝሩ ታሽጎ ነው ከዶክተር ራይት ዘንድ የሄደ።

‘ሞት ያማራት አይጥ ሄዳ የድመት አፍንጫ ታሸታለች’
ያለ ሰው ይህን አላየም፤ እዚህ አይጥ ታስሳለች
አይጥን። ድመት የለም። ሞትም የለም፣ ለጊዜው። ሌላ አይጥ ብቻ፣
እንደሷ የፈራች፣ የሽቦ እስረኛ፣ የልብ አቻ።

አርባ ሰባት ቁጥር ታዲያ፣ ጆሮዋ ጥቂት የተሸረፈ፣
እንደ ገባች ሄደች ቀጥታ፤ ጊዜም በከንቱ አላለፈ፤
ሽቦው ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ ጢም ከጢም አነካክታ፣
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ቆየች፣ ተጠግታ።
‘ይቺማ’ አለች ኡርቬ በልቧ፣ ‘መድኃኒቱን ወስዳለች፤
ፍርሃቷን በመርፌ ቀዳዳ አስወጥታ ጥላለች።’

ሌሎች ነበሩ ደግሞ፤ የማይሸሹ፣ የማይቀርቡ፣
በእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተኝተው በሰላም የሚያስቡ
የሚመስሉ። ‘ጨው ውኃ ናቸው’ አለች፣ ያው በሐሳቧ፤
ቁጥር ብቻ ነው ’ሚሰፍረው፤ ግምት አይገባም መዝገቧ።

እሷም ክኒን ትውጣለች፣ ስድስት ዓመት፣ ጧት ጧት፤
ያኔ፣ በዚያ መጋቢት፣ አልጋዋ መቃብር ሆኖ ሲውጣት፣
መጋረጃ መግለጥ እንኳ ተራራ ሲሆንባት፣
የደረሰላት እሱ ነው፤ አታማውም፣ በእውነት።
ግን ከዚያ ወዲህ ስልኳ ሲጠራ አይደነግጥም ልቧ፤
ሳይጠራ ሲከርምም ያው ነው፤ ማንንም አይርበው ቀልቧ።

ዓርብ ራይት መጣና ፖስታውን በጥርሱ ቀደደ፤
‘አርባ ሰባት፣ ጨው ውኃ’ አለ። ጣቱ ወደ ሌላ ወረደ።
እነዚያ የተረጋጉት፣ በሰላም ጥግ የያዙት፣
መድኃኒቱን ጠብ ሳይል እነሱ ናቸው የተወጉት።
‘መጠኑ በዝቶ ይሆናል፤ እንሞክራለን ቀንሰን፤
ከአንድ ሳጥን አይፈረድም፤ ሰኞ እንነጋገር ጨርሰን።’

ማታ። ሦስተኛው ፎቅ። ደረጃው ሲያልቅ፣ በስተግራ
የራሷ በር፤ በስተቀኝ የኤንዴል፣ መብራቱ ’ሚበራ፤
ጡረተኛ የባቡር ነጂ፣ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቷ፤
ከ‘ደኅና ዋሉ’ አልፎ አያውቅ ለሱ የሚፈታ አንደበቷ።

መኻል ላይ ቆመች። ቁልፉ በጇ። በግራ ባዶ ክፍል፤
በቀኝ፣ በበሩ ሥር፣ የጥቅል ጎመን ሾርባ፣ ሳል።
አሸተተች። አንድ ሰከንድ። ሦስት። ሰባት። ዐሥራ አንድ።
ደረጃው ካሜራ የለው፤ የማን ሰዓት ቆጥሮ ይፍረድ?
ክኒኗን ነገም ትውጣለች፤ ወደዚያ መጋቢት አትመለስም፤
ጣቷ ግን ደወሉን ነክቷል፤ ማን እንዳዘዘው አታውቅም።

ከውስጥ ነጠላ ጫማ ተጎተተ፤ ሳሉ ቆመ፤ ሰንሰለት
ተንሿሿ። ‘ማን ነው?’
ቁጥሯን ልትነግረው ሲቀራት ጥቂት፣
‘ኡርቬ ነኝ’ አለች። ‘ከፊት ለፊት።’