ግማሽ ቀን

ሐሙስ ሐሙስ ቀትር፣ ከገበያው ጀርባ
የባልታዛር ምግብ ቤት፣ አራት ሆነን ስንገባ
ሜኑ አያመጣልንም፤ ዐመላችንን ያውቃል፤
ዶሮም ቢሆን፣ ምላስም፣ ያገኘውን ያቀርባል፤
ሰርዲን ብቻ አይሞክርም፤ ከኩሽናው ይመለሳል።

ሠላሳ አራት ዓመት ጀልባ በገባ ቁጥር
የፋብሪካው ጡሩምባ ሌሊት ሲጠራን ነበር።
(የጎረቤት ፋብሪካ የራሱ ድምፅ ነበረው፤
ያ ሲጮህ እንተኛለን፤ የኛ ሲጮህ ግን ያው
ዐይን ሳይገለጥ እግር ጫማውን ይፈልጋል።)
በማቶዚንዮስ ቁልቁለት፣ በዝናብ፣ በብርድ፣
ስንቆርጥ፣ ስናጥብ፣ እጃችን በጨው ሲነድ፣
አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ደርድረን በጣሳ፣
ጣት ከጣት ተጣብቆ፣ ጥፍር እስኪሳሳ።
ቤታችን ስንገባ ባል ፊቱን ያዞር ነበር፤
ሎሚም ያቃተው ጠረን፣ ሳሙናም ያቃተው ነገር።
ታዲያ ዛሬ ማን ነው፣ ጡረታ ወጥቶ ሲያበቃ
ገንዘብ ከፍሎ የሚበላ የሥራውን ዕቃ?

ሰባት ነበርን ስንጀምር። ኢርሜሊንዳን ሳንባዋ፣
ኮንሰሳዎን ስኳር ወሰዳት፤ ሦስተኛዋ
ሊዮን፣ ልጇ ዘንድ ሄደች፤ በየገናው ትደውላለች፤
«ምን በላችሁ?» ትላለች፤ «ዘርዝሩልኝ» ትላለች።

ወሬያችን ጉልበት ነው፤ ያንዷ ግራ፣ የኔ ቀኝ፤
ጉልበቴን ሸጬ ስኖር ጉልበቴ ቀድሞ ከዳኝ።
ፌሊስሚና የልጇን ፍቺ ታወራለች፣
ባለፈው ሐሙስ ካቆመችበት ትቀጥላለች።
ግራሲዬት የተረፈ ዳቦ በመሐረብ ትቋጥራለች፣
«ለእርግቦቼ ነው» ትላለች። እርግብ የላትም፤
እኛም አንጠይቃትም።

ዴኦሊንዳ ያኔ የኛ ተቆጣጣሪ፣
እርሳስ ከጆሮዋ ሥር፣ ደብተር ይዛ ዟሪ፣
ጣሳ ቆጣሪ ነበረች፣ ደቂቃ ቆጣሪ።
ግራሲዬት አንድ ንጋት ሕፃኗን ስታጠባ
ሩብ ሰዓት ዘግይታ እየሮጠች ብትገባ
«ግማሽ ቀን» ብላ ጻፈች፣ ቀና እንኳን ሳትል።
ግማሽ ቀን ማለት ከሰል፣ የአራት ሌሊት ከሰል።

ይኸው አርባ ሁለት ዓመት። ዐሥራ አንዱን፣ ሐሙስ ለሐሙስ፣
አንድ ጠረጴዛ ቀርበን፣ ካንድ ጠርሙስ ስናፈስ
ያ ነገር አልተነሣም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ይተወዋል፤
እንደ ዓሣ አጥንት ነው፤ በዳቦ ይዋጣል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ዴኦሊንዳ
ስም ይጠፋባታል፤ የሰፈሯ መንገድ ሆኗል እንግዳ፤
የጎረቤት ልጅ ነው ያዝ አርጎ የሚያመጣት፤
ኮቷን እኛ ነን አውላቂ፣ ወንበር የምንስብላት።
ዛሬ ፎሶሊያ ሲቀርብ አልበላችም፤ አንሥታ
ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረችው በተርታ፣
አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ ክፍተት ሳታስቀር፤
ጣቷ መች ረሳና፣ የረሳ ልቧ ነበር።
ከዚያ ሰዓቱን አየች፣ ከግድግዳው፣ የቆመውን፣
(ባልታዛር ባትሪ ልገዛ ነው ሲል ዓመት አለፈን)
ግራሲዬት ላይ ዐይኗን ተክላ፣ በዚያ በጥንቱ ድምፅ
«ዘገየሽ» አለቻት።
«ግማሽ ቀን።»

ፌሊስሚና ማንኪያዋ ካፏ ሳይደርስ ቀረ።
እኔ ሾርባዬ ላይ ጨው ጨመርሁ፤ ደግሜም ጨመርሁ፤
ከጠረጴዛው ሥር የማን እግር እንደሆነ እንጃ፣ ረገጥሁ።
ግራሲዬት አፏን ጠረገች፤ ተነሣች።
የምትሄድ መስሎኝ ኮቷን በዐይኔ ስፈልግ፣
ወንበሯን ይዛ ዞረች፤ ወደ ዴኦሊንዳ ተጠጋች።
«አዎ፣ ዶና ዴኦሊንዳ፤ ሁለተኛ አልዘገይም» አለች፤
ቢላዋ ወስዳ ሥጋዋን ከተፈችላት፣ ለጥርስ እንዲመች።
ዴኦሊንዳም በሌለ እርሳስ አንድ ነገር ጻፈች አየር ላይ፤
መጻፍ ይሁን መሰረዝ፣ ከተቀመጥሁበት አይታይ።

ሒሳብ ሲመጣ እንደ ልማድ ሳንቲማችንን ከምረን
«ለሚመጣው ሐሙስስ?» ሲል፣ «አራት ወንበር ያዝ» አልን።

ከባቡሩ ፌርማታ ቆምን፣ ግራሲዬትና እኔ።
ንፋሱ ከአትላንቲክ ነው፤ ጃንጥላዬን ገለበጠው።
«እንዴት ቻልሽው?» አልኋት። መሐረቧን አጠበቀች፣
የዳቦውን ቋጠሮ፤ ሐዲዱን አየች፤ ቆየች።
«ዘግይቼ ነበር እኮ» አለች። «ቁጥሯስ ልክ ነው፤
ከሰሉ ነው እንጂ ያኔ የጎደለው።»